ከላይ ያልወጣ ጢስ

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ከቆቦ አልፎ ወደ ወልዲያ በተጠጋበት ክረምት ነው። ብዙ ሰው ከዚያ ጊዜ የሚያስታውሰው የመድፍ ድምፅ ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ጢስ የማይወጣበት አንድ የጢስ ማውጫ ነው። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው የቆየሁት ረስቼው አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ሥራዬ የቦይለር ኦፕሬተር ነው። ያን ጊዜ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ሳሙና ለማብሰል እንፋሎት ያስፈልጋል፤ ውኃውን አፍልቶ እንፋሎቱን የሚሰጠን ቦይለር ደግሞ የሚነድደው በድንጋይ ከሰል ነው።

እሳቱ እንደ ቤት ምድጃ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይነድም። ከብረት ሰንሰለት የተሠራ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ፣ ቀስ እያለ የሚጓዝ ነገር አለ። እኛም "ምንጣፉ" እንለዋለን። ከሰሉ ከፊት ካለው ጎተራ ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። ገባ ሲል ከበላዩ ያለው የጋለ ጡብ ያደርቀዋል፣ ያቀጣጥለዋል። ከሥር ማራገቢያው አየር ይነፋለታል። እየነደደ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ጫፍ ሲደርስ አልቆ አመድ ይሆንና ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። መንገዱ አምስት ሜትር አይሞላም፤ ከሰሉ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

ሙያው ማመጣጠኑ ላይ ነው። ምንጣፉ ከሮጠ ያልነደደ ከሰል አመድ ውስጥ ይገባል። ከዘገየ እሳቱ ወደ ፊት ተመልሶ ጎተራውን ይበላዋል። አየር ካነሰው ጥቁር ጢስ ይተፋል። እኔ ይህን ኮምቦልቻ ስድስት ወር ሠልጥኜ ነው የተማርኩት። ሰርተፊኬቴን ጠቅልዬ ከመጣሁ ጀምሮማ ከእኔ በላይ ላሳር ነበር።

የሥራ ጓደኛዬ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። አመድ አውጪ ነበሩ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲሥቁ ድምፅ የማያሰሙ የሐራ ሰው ናቸው። የምንጣፉን ፊት እኔ እይዛለሁ፣ ጀርባውን እሳቸው። አመዱን ከጉድጓዱ ይዝቁና በጋሪ ያወጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አመድ ግን ያነቡ ነበር። አንዷን ጓል አንስተው ይሰብሯትና፣ "ኢንጅነር፣ ዛሬ ምንጣፍህ ሮጧል መሰል፤ ልቧ ጥቁር ነው" ይሉኛል።

ኢንጅነር አለመሆኔን ያውቃሉ። ሲያበሽቁኝ ነው። እኔም ቶሎ ነው የምበሽቀው።

"አንቱ ደሞ! አመድዎን አይዝቁም?" እልና ማስረዳት እጀምራለሁ። ከጀመርኩ ደግሞ ማን ያቆመኛል! ስለ አየሩ፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ጢስ ማውጫው መዝጊያ እተነትናለሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ምንጣፉ በእጅ የሚዞርበት እጀታ እንዳለው፣ ጎተራው ተዘግቶ ሁለት ሺህ ጊዜ ቢዞር ያለው እሳት ሁሉ ጉድጓድ እንደሚገባ፣ በጋለው ብረት ላይ ውኃ መድፋት ክልክል መሆኑን ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው እግዜር ይቁጠረው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ከቆቦ በኩል ሕዝቡ ተፈናቅሎ መጣ። ሠላሳ የሚሆኑት እኛ ግቢ ተጠጉ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጋሽ ሰይድ ማንንም ሳያስፈቅዱ አመድ ክፍላቸውን ጠርገው አስገቧቸው። ክፍሉ ከቦይለሩ ጀርባ ነው። አመዱ የሚወድቅበት ጉድጓድ አፉን የሚከፍተው ወደዚያው ነው። ቆርቆሮ ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ግን ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። በዚያ ዝናብ ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? ከመካከላቸው እማማ ለተብርሃን የሚባሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከቤታቸው ያወጡት አንድ ቁና ቆሎ ብቻ ነው፤ ከዚያችው ላይ ለእኔም ቆንጥረው ሰጥተውኛል።

በዚያች ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፣ ምንጣፉም ቆመ። ከፊት እስከ ኋላ እሳት እንደተሸከመ ነው የቆመው። መብራት መሄድ ለእኛ ብርቅ ስላልነበር ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ወይ ፍንክች! እሳቱ አየር ሲያጣ የጢስ ማውጫው ጥቁር ጢስ ይተፋ ጀመር።

በወልዲያ በኩል መድፉ ቀረበ። የሥራ አስኪያጁ ስልክ አይሠራም። ረፋዱ ላይ ባለቤቴ እታገኝ ልጃችንን አዝላ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል።

"የመጨረሻው መኪና ነው! ሹፌሩ አልጠብቅም ብሏል፣ ና ውጣ!" አለች።

በዚህ መሐል ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየጮኸብኝ ነበር። "ጢሱን አጥፋው! አውሮፕላን ልትጠራብን ነው እንዴ?" ይላል አንዱ። ሌላው ውኃ በባልዲ ይዞ መጣ። "ውኃ እንዳትደፉበት!" ብዬ ጮህኩ።

ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። እጀታውን ይዤ ሁለት ሺህ ዙር ማዞር ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ሰዓት አልነበረኝም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጄ ታለቅሳለች፣ ሰዉ ይጮኻል።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ "አዳፍነው እንጂ!" ሲል ሰማሁ። ማን እንዳለው ዞሬ አላየሁም።

አዳፍነው! ለቸኮለ ሰው እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው። እናቴ ማታ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት ገለጥ ስታደርገው ቀልቶ ይጠብቃታል። እሳት ከጎረቤት ለምና አታውቅም። እኔም በዚያች ሰዓት ስድስት ወር የተማርኩትን ትቼ የእናቴ ልጅ ሆንኩ። ብሄድ ለሁለት ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ቦይለር እንደ አዲስ ማንደድ ግማሽ ቀንና አንድ ጋሪ እንጨት ይፈልጋል፤ ለምን ይጠፋል? ተዳፍኖ ይቆየኝ።

የውኃውን ልክ አየሁ፤ ሞልቷል። ጎተራውን ዘጋሁ። አመድ በአካፋ እየዛቅሁ እሳቱን አለበስኩት። የአየሩን በር ዘጋሁ። በመጨረሻም የጢስ ማውጫውን መዝጊያ በገመዱ ስቤ ጥርቅም አደረግሁና ቋጠርኩት። ወጥቼ ወደ ላይ ሳይ ጢስ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ "ጎሽ!" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሐቁን ልናገር፣ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

ጋሽ ሰይድ ከእኛ ጋር አልሄዱም። "እነዚህን ጥዬ ወዴት ልሂድ?" ብለው ቀሩ። በወጉ እንኳ ሳንሰነባበት መኪናው ተነሳ።

መንገዱ በሰው፣ በከብትና በጋሪ ተጨናንቆ ስለነበር መኪናው ይሄዳል ከማለት ይቆማል ማለት ይቀላል። ውርጌሳ አፋፍ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ ሲበረታ ከላያችን ሸራ ተሳበብን። ወዲያው የሆነ ነገር ይሸተን ጀመር። አንዲት ሴት ከነፍሟ ያነሳቻትን የከሰል ምድጃ እግሯ ሥር ደብቃ ይዛለች።

"አንቺ ሴትዮ! ሸራ ውስጥ ልትፈጂን ነው? ጣዪው!" አሏት አንድ ሽማግሌ።

"ኧረ አዳፍኜዋለሁ አባቴ፣ ምንም አይል!"

"የሚገድለውስ የተዳፈነው አይደል!"

እኔ ነኝ የደነገጥኩት። እሳቱን አዳፍኜ ጢስ ማውጫውን ዘግቼዋለሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ከሰል የሚያወጣው መርዝ በየት ይወጣል? ክፍት የቀረው አንድ አፍ ብቻ ነው፤ አመድ ጉድጓዱ። እሱ የሚከፈተው ደግሞ ሠላሳ ሰው ወደተጠለለበት፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል ነው። ዝናብ ነው፣ በሩን ይዘጉታል። ሲመሽ ከፍርሃት የተነሳ ከውስጥ ይቀረቅሩታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ለእታገኝ ነገርኳት። መጀመሪያ ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘችኝ። "የትም አትሄድም! ይቺን ልጅ ለማን ጥለህ?" አለችና አለቀሰች። "እታገኝ፣ ሠላሳ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው" አልኳት። ከዚያ ሸሚዜን ለቀቀችው።

"ሂድ። እዚሁ ውርጌሳ እወርዳለሁ። ካልመጣህም ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለች።

ስልክ የለም፤ ኔትወርክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ወደዚያ የሚሄድ መኪናም ሆነ ባጃጅ አልነበረም። በእግሬ፣ ግማሹን እየሮጥኩ ግማሹን እያለከለክሁ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ይመጣል፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። "አንተ ሰው፣ አብደሃል እንዴ? መንገዱ ወዲህ ነው!" አለኝ አንዱ በግ ተሸክሞ። እየሮጥኩ አለፍኩት። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር። የእማማ ለተብርሃን ቆሎ ጥርሴ ውስጥ ያለ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ፋብሪካው ጋ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። መጀመሪያ ያየሁት ጢስ ማውጫውን ነው። ጢስ የለውም። "በቃ፣ አልቀዋል" አልኩ። ግቢው ውስጥ ሰው የለም፤ የአመድ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

በሩን ገፋሁት። ክፍሉ በነጭ እንፋሎት ታፍኗል፤ ምንም አይታይም። ተንበርክኬ ወለሉን በእጄ ዳበስኩ። ጋቢ አገኘሁ። የሕፃን ጫማ አገኘሁ። ሌላ ጋቢ። ከጋቢው ሥር ሰው ፈለግሁ። ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ ስትሞትም አላለቀስኩም።

ከወዲያ ማዶ፣ ከቦይለሩ ፊት በኩል ድምፅ መጣ። ቋ... ቋ... ቋ...

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዞሬ ሮጥኩ።

የቦይለሩ ቤት በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ እጀታውን ታዞራለች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ተሰልፈዋል። ሕፃናቱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እማማ ለተብርሃን የአንዷን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። እኔ የቋጠርኩት ገመድ ተፈትቷል። ጋሽ ሰይድ እጀታው አጠገብ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየገፉ ዙሩን ይቆጥራሉ።

ቀና ብለው አዩኝ። "መጣህ፣ ኢንጅነር?" አሉኝ። "በል ያዝ፣ ተራህ ነው። ከሁለት ሺው ሦስት መቶ ቀርቶናል።"

ያዝኩ። ማልቀሴን ሳላቆም አዞርኩ።

እያዞርኩ ነገሩኝ። ከዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ሲሉ ራሳቸውን አማቸው። ወዲያው አንዷ ሕፃን አስመለሳት፤ ሁለት ሴቶች ተነሱ ሲባሉ መነሳት አቃታቸው። ጋሽ ሰይድ ወጥተው ሰማይ ሰማዩን አዩ።

"እሳቱ አለ፣ ጢሱ የለም። ያረቢ፣ ከላይ ያልወጣ ጢስ የት ገባ? አልኩ" አሉኝ።

ሰዉን ሁሉ እየጎተቱ ዝናብ ላይ አወጡት። ሁለቱን ሴቶች በሸክም ነው ያወጧቸው፤ አየር ሲያገኙ ነፍሳቸው ተመለሰች። ገመዱን ፈቱ፣ በሮቹን ከፈቱ፣ ክፍሉ እስኪናፈስ ጠበቁ። ግን እሳቱ እዚያው እስካለ አመድ ክፍሉ ለሰው አይሆንም፤ ሕፃናቱ ደግሞ በዝናቡ ሊያልቁ ሆነ። ስለዚህ ወደ አመሻሹ፣ ሰዉ አቅሙ ሲመለስለት፣ ጉድጓዱን በባልዲ ውኃ ሞልተው ምንጣፉን ማዞር ጀመሩ። ፍሙ እየወደቀ ሲጠፋ ነው ያ ሁሉ እንፋሎት የወጣው።

"ውኃ እሳቱ ላይ አይደፋም ብለሃል፤ ስለ ጉድጓዱ ግን ያልከው የለም" አሉኝ።

"ያን ሁሉ ስናገር ተኝተው አልነበር እንዴ?"

"የጨፈንኩት ዓይኔን ነው። ጆሮ ክዳን የለውም።"

እሳቱን እንዴት እንዳዳፈንኩት፣ እናቴን ሳስብ እንደነበር ነገርኳቸው። አላዩኝም። መቁጠሪያቸውን እያዩ "የእናትህ የሣር ጎጆ ይተነፍሳል፤ ይኼ ቦይለር ግን አፍንጫውን ተያዘ" አሉ።

ሁለት ሺህ ሲሞላ እማማ ለተብርሃን "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ጋሽ ሰይድም "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ያን ምሽት ሁላችንም ጢስ በሌለበት ክፍል አደርን። በማግስቱ ጠዋት ውርጌሳ ስደርስ እታገኝ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ልጃችንን አቅፋ ቆማለች። "ደረስክላቸው?" አለችኝ። "ጋሽ ሰይድ ቀደሙኝ" አልኳት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ባልተቸገርኩ።

ሁለት ቀን ያልኩት ወራት ሆነ። ስንመለስ የፋብሪካው ሞተሮች፣ ኬብሎች፣ ወንበሮች ሳይቀሩ የሉም። ቦይለሩ ግን በቦታው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በባትሪ እያበራ ውስጡን ሁሉ ፈተሸ። እሳት እንደተሸከመ የቆመ ምንጣፍ ሰንሰለቱ ይቃጠላል፣ ይጣመማል፤ የእኛ ግን ቀጥ ብሎ ተገኘ። "ይኼን ያራገፈ ሰው ሙያውን ያውቃል" አለ። ሥራ አስኪያጁም "እሱ ነዋ!" ብሎ ጠቆመኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለ። በስብሰባ ላይ የምስጋና ደብዳቤ ተነበበልኝ፤ "በዚያ ቀውጢ ሰዓት ኃላፊነቱን ሳይዘነጋ" ይላል። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ተቀምጠው ከሁሉም በላይ ሲያጨበጭቡ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ደብዳቤውን በፍሬም አድርጌ ቤቴ ሰቀልኩት።

እታገኝ ግን የምትተው ሰው አይደለችም። አቧራ በጠረገች ቁጥር፣ "ይቺን የጋሽ ሰይድን ወረቀት መቼ ነው የምትመልስላቸው?" ትለኛለች። እኔም እቆጣለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ቁጣዬ የትም አላደረሰኝም።

በቅርቡ ደብዳቤውን ከግድግዳው አውርጄ ሐራ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ሥራ አቁመው ሴት ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ፍሬሙን ፊታቸው አስቀምጬ፣ "ጋሼ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ፍሬሙን በጣታቸው ወደ እኔ መልሰው ገፉት።

"እኔ ምን አፌን ከፍቼ ይቅር እልሃለሁ?" አሉ። "የዚያን ቀን ከኋላህ አዳፍነው ያልኩህ እኔ ነኝ። ሰዉ ሲጮህብህ አሳዘንከኝ፤ ቤት የማውቀውን ነገርኩህ። ያን ሁሉ ዙር ሳስቆጥር አንዷ ነፍስ ብትጠፋ ለአላህ ምን እላለሁ እያልኩ ነበር። በስብሰባው ለት ያጨበጨብኩትም፣ አዳፍነው ያለው ማን ነው ብሎ አንድም ሰው ሳይጠይቀኝ በመቅረቱ ነው።"

ወይ ጉድ! አንዱን ሸክም ለሁለት ተሸክመን፣ አንዳችን ላንዳችን ሳንነግር ኖረናል።

እውነት ለመናገር በመጀመሪያ ቀለል አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩን ደግሜ ሳስበው ቅለቱ ጠፋ። ቃሉ የእሳቸው ይሁን፤ ገመዱን የቋጠረው እጅ የእኔ ነው። እሳቸው የሚያውቁት የቤታቸውን ምድጃ ነው። ሰርተፊኬት የነበረኝ እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን እሳቸውም አልወሰዱት፣ እኔም መልሼ አልሰቀልኩትም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ይኼንንም የምጽፈው ከእሱ ውጪ ያጨበጨበልኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። አሁን ለቦይለሩ አዲስ ሰው ሲቀጠር የማሠለጥነው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጀርባ፣ ወደ አመድ ክፍሉ እወስደዋለሁ። መሬት ላይ አስቀምጠውና ጋሽ ሰይድ የጠየቁትን እጠይቀዋለሁ፤ ከላይ ያልወጣ ጢስ የት ይገባል? እስኪመልስልኝ ድረስ እጀታውን አላስነካውም።